ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የተነሡ መምህር
(በደብሩ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የምሥረታ በዓል ሲከበር ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ሕንፃው ነው፤ ቦታው በስንት እንደ ተገኘ፣ ጣሪያው መቼ እንደ ለበሰ፣ ደወሉን ማን እንዳመጣ። መቁጠሩም ተገቢ ነው። የዛሬው መታሰቢያ ግን ትምህርትን ከዛፍ ጥላ ሥር ለጀመሩት ለመምህር አስፋው የምሩ ነው።

መምህር አስፋው የቡልጋ ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳለ ከቤት ወጥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ መጠጊያ የሆናቸውም የቅዱስ ጊዮርጊስ ዐጸድ ነበር። ከነዳያን ጋር አደሩ፤ ከነዳያን ጋር ቀመሱ። የቆሎ ተማሪን ወግ ለሚያውቅ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቁራሽ ለምኖ ማደግ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን የቆሎ ተማሪ የኔታ አለው፤ ይህ ሕፃን የኔታ አልነበረውም። በኋላ በሰው ቤት እያገለገሉ ተማሩ፤ በትምህርታቸውም ስለ ገፉ በጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤት የነፃ ትምህርት ዕድል አገኙ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ከጎዳና ወጥቶ አልጋና ማዕድ ያገኘ ልጅ ያለፈውን ለመርሳት ቢቸኩል ማንም አይፈርድበትም። እርሳቸው ግን ከተማሪዎች ማዕድ የሚተርፈው ምግብ ከሚጣል ከግቢው ውጭ ለሚጠብቁ ችግረኛ ልጆች እንዲሰጥ ለመኑ፤ ተፈቀደላቸውም። ልጆቹ ከበሉ በኋላ አልተበተኑም። ፊደልም ፈለጉ። ስለዚህ ወጣቱ አስፋው የራሳቸውን ትምህርት እየጨረሱ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ከዛፍ ሥር ያስተምሯቸው ጀመር። ደመወዝ የሚከፍላቸው አልነበረም፤ ሹመትም አልተሰጣቸውም። አስተማሪው ራሳቸው ገና ተማሪ ነበሩ።

የልጆቹ ቁጥር ከዛፉ ጥላ ሲያልፍ ከንጉሠ ነገሥቱ ቦታ ለመኑ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙ ከግእዝ ሲፈታ የሐዋርያት ዱካ ማለት ነው። የድሃ ልጅ ያለ ክፍያ ይማርበታል፤ ዱላም አይነሣበትም። ዱላ አለማንሣቱ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ አለንጋ የሌለው መምህር ቁም ነገር እንደማያውቅ ይቆጠር በነበረበት ዘመን፣ ጎዳና ላይ የተገፋን ልጅ ክፍል ውስጥ ደግሞ መግፋት አይገባም ብሎ መጽናት ነበር። ኋላም ሞያ የተባለ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ተከተለ። በሁለቱ ያለፉት ልጆች በብዙ አሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

በ2001 እ.ኤ.አ. መነሻው ስዊድን የሆነው የዓለም የሕፃናት ሽልማት ለመምህር አስፋው ተሰጠ። የዚህ ከተማ ነዋሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለ፤ ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ሽልማት ከዘከሯቸው ሟቾች አንዱ የሶዌቶው ሄክተር ፒተርሰን ነበር። ጁን 16 ቀን 1976 ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው ሲሰለፉ፣ በፖሊስ ጥይት የወደቀው የ12 ዓመት ልጅ ነው። ጆሃንስበርግ ስለ ትምህርት ቋንቋ የሕፃን ደም የፈሰሰባት ከተማ ናት።

በዚህች ከተማ፣ ሳምንቱን በሙሉ በጄፒ ጎዳና ሱቅ ውሎ የሚገባ ወላጅ ልጁ እንግሊዝኛና ዙሉ ሲያቀላጥፍ እየሰማ ደስ ይለዋል። እሑድ ጠዋት ግን ያው ልጅ በቅዳሴው መካከል ቆሞ የሚባለውን አይሰማም፤ መዝሙሩን በላቲን ፊደል ጽፎ ይይዛል። ልጁን መውቀስ አግባብ አይደለም፤ ማንም አላስተማረውም። ከምእመናኑ መካከል ደግሞ በሀገር ቤት ለረጅም ዓመታት ጠመኔ ይዘው የቆሙ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ እየጠበቁ የሚውሉ ጡረተኞች መምህራን ይገኛሉ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ገብተው ቆሎ ይቀምሳሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ከውጭ ስልክ ይነካካሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ በር ነው። የአሠረ ሐዋርያት ነገር እንደሚያሳየው፣ ይህን በር ለመክፈት ሕንፃው እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

መምህር አስፋው ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።