ሞዴል ሠሪውና ቤተሰቡ



በመሐንዲስና በአርክቴክት ቢሮ ሞዴል እንግዳ ነገር አይደለም። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንፃ በካርቶንና በሙጫ ተቀርጾ፣ ዛፉ ከስፖንጅ፣ ኩሬው ከመስተዋት ተበጅቶለት በወሳኞች ፊት ይቀርባል፤ ውሳኔው ካለፈ በኋላ ደግሞ ከቁም ሣጥን አናት ላይ ወጥቶ አቧራ ይለብሳል። የዛሬው ንግግር ስለዚያ ዓይነቱ ሞዴል አይደለም። የሚናገረው ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ከሥራ መልስ በገዛ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባቡር፣ መርከብ፣ አውሮፕላን ወይም መንደር እያሳነሰ ስለሚሠራ ሰው ነው። ይልቁንም ያ ሰው ሥራውን ለዐሥርና ለሃያ ዓመት ሲይዘው፣ በአንድ ጣራ ሥር አብረውት ስለሚኖሩት ይናገራል። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ጉዳዩ ከሩቅ የመጣ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከሽቦ መኪና አጥፎ፣ ጎማውን ከቆርኪ አድርጎ፣ በረጅም የሽቦ መሪ እየነዳ በሰፈሩ ያልሮጠ ወይም ሲሮጥ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። የሽቦ መኪና የሚሠራው ልጅ አይቶ ያሳንሳል እንጂ ለክቶ አያሳንስም። ለሞዴል ሠሪው ግን ልኬት ሕግ ነው። መስኮቱ 87 ጊዜ ካነሰ በሩም፣ የበሩ እጀታም፣ በበሩ የሚገባው ሰውም 87 ጊዜ ማነስ አለባቸው፤ አንዱ ከሕጉ ቢወጣ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ስኬሎቹ ራሳቸው የየአገሩን የመለኪያ ልማድ ይዘው የተወለዱ ናቸው። በአውሮፕላን ሞዴል የታወቀው 1፡72 ስድስት ጫማ በአንድ ኢንች ሲወከል የሚገኝ ነው፤ 1፡48 ደግሞ አንድ ጫማ በሩብ ኢንች ሲወከል። በአህጉረ አውሮፓና በአሜሪካ የባቡር ሞዴል የሚሠራው በአብዛኛው በ1፡87 ሲሆን፣ 1435 ሚሊሜትር የሆነው መደበኛ የሐዲድ ስፋት በ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል። እንግሊዞች ግን ባቡሮቻቸው ከአህጉሩ ባቡሮች ጠበብ ያሉ ስለሆኑ፣ የዚያን ጊዜው ሞተር ሆዳቸው ውስጥ አልገባ ቢላቸው ባቡሩን ወደ 1፡76 አሳደጉና ሐዲዱን በ16.5 እንዳለ ተዉት። 16.5 በ76.2 ሲባዛ 1257 ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ሞዴል ባቡር ከእውነተኛው በ178 ሚሊሜትር በጠበበ ሐዲድ ላይ ሲሮጥ ኖሯል ማለት ነው። ይህችን ጉድለት ለማረም ሲሉ ሐዲዱን ክንድ በክንድ በእጃቸው እየሠሩ ብዙ ዓመታት የፈጁ ሰዎች አሉ። ክብደትም የራሱ ጣጣ አለው። ርዝመት በ87 ሲያንስ ክብደት የሚያንሰው በ658,503 ነው፤ 80 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በልኩ ቢቀነስ 121 ግራም ብቻ ይሆናል። ሐዲዱን ቆንጥጦ እንዲጎትት ሠሪው እርሳስ የተባለውን ከባድ ብረት በሆዱ ይሸሽግበታል።

ለሚሊሜትር እንዲህ የሚጨነቀው ሰው አንድ ነገር ሳይለካ ይቀራል፤ እርሱም ጊዜው ነው። በሳምንት አራት ሰዓት ብዙ አይመስልም፤ ሁለት ምሽት ወይም አንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በዓመት 50 ሳምንት ቢያዝ 200 ሰዓት፣ በዐሥር ዓመት 2,000 ሰዓት ይሆናል። ይህም በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራ ሰው በ250 የሥራ ቀናት የሚያበረክተው ነው። ሞዴል ሠሪው በየዐሥር ዓመቱ አንድ ሙሉ የሥራ ዓመት ከቤቱ ይበደራል ማለት ነው። የተጠናቀቀውን ሥራ የሚያዩ እንግዶች ዘወትር የሚያመሰግኑት የሠሪውን ትዕግሥት ነው። ምስጋናው ተገቢ ቢሆንም ግማሹ የተላከው ወደ ተሳሳተ አድራሻ ነው። ሠሪው የወደደውን ስለሚሠራ መታገሥ አላስፈለገውም፤ የታገሠችው በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ የቀለም ጠብታ እያየች ልጆቹን ብቻዋን ያስተኛችው ሚስቱ ናት። ሠሪዋ ሚስት ስትሆንም ሂሳቡ ያው ነው፤ ልዩነቱ ባል እንዲህ ያለውን ብድር በቀላሉ ሲፈቅድ እምብዛም አለመታየቱ ነው።

ይህን ብድር ልዩ ልዩ ሰዎች በልዩ ልዩ መንገድ ከፍለውታል። ሮላንድ ካሊንግሃም የለንደን የሒሳብ ባለሙያ ነበር። እንደሚተረከው ከሆነ፣ የቤት ውስጥ ባቡሩ እየሰፋ ሲሄድ ሚስቱ ከባቡሩና ከእርሷ አንዳቸው ከቤት እንዲወጡ ነገረችው። ባቡሩ ወጣ። ካሊንግሃም ቢከንስፊልድ በተባለችው ከተማ በመኖሪያው አጠገብ ባለው ቦታ፣ ከአትክልተኛው ጋር ሆኖ፣ በ1፡12 ስኬል ቤተ ክርስቲያንና ሱቅ፣ ጣቢያና ሐዲድ ያለው መንደር አቆመ፤ ስሙንም ቤከንስኮት አለው። መንደሩ በ1929 ለጎብኚ ተከፈተ፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ሲውል ኖሯል። የሚስቱ ቁጣ ባይኖር ኖሮ ያ ባቡር እስከ መጨረሻው በጓዳ ይዞር ነበር።

የዋልት ዲዝኒ አካሄድ ከዚህ የተለየና ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ነው። የፊልሙ ሰው በ1940ዎቹ መጨረሻ በሥራ ብዛት በተዳከመ ጊዜ በስቱዲዮው የብረታ ብረት ክፍል ለባለሙያው ለሮጀር ብሮጊ እንደ ተለማማጅ ሆኖ በሌዝ ማሽን ፊት ቆመ። የሠሩት የሴንትራል ፓሲፊክ ኩባንያ 173ኛ ሎኮሞቲቭ አምሳያ ሲሆን ስኬሉ 1፡8 ነበር፤ በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄድ፣ ሰው የሚቀመጥበት። ዲዝኒ የኋላውን የሠራተኞች ፉርጎ በገዛ እጁ ሠራው። ሎኮሞቲቩን ደግሞ በሚስቱ በሊሊያን ስም ሊሊ ቤል አለው፤ ስም መስጠቱ ብቻውን ግን ሐዲድ የሚዘረጋበትን መሬት አላስገኘለትም። በሎስ አንጀለስ በሠሩት አዲስ ቤት ግቢ 2,615 ጫማ፣ ማለትም 800 ሜትር ያህል ሐዲድ ሊዘረጋ ነበርና፣ በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ውል አዘጋጅቶ የመንገድ መብት እንዲሰጡት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አስፈረመ። ሐዲዱ የሊሊያንን የአበባ መደብ እንዳያቋርጥም በሥሩ 90 ጫማ የሚረዝም ዋሻ ተቆፈረ።

ውሉ ቀልድ ነበር። ሆኖም ቀልዱ ብዙ ቤቶች ፈጽመው የማያነሡትን ጥያቄ አንሥቶ፣ የግቢው ባለቤት አንድ ሰው እንዳልሆነ በወረቀት አስፍሯል። ዋሻውም ከሐዲዱ አስቸጋሪ ክፍሎች አንዱ ነበር፤ መደቡን ነቅሎ ማለፍ በብዙ ይቀል ነበር። በ1953 ባቡሩ በአንድ እንግዳ እጅ እየተነዳ ከሐዲዱ ወጣና አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ባመለጠው እንፋሎት ተቃጠለች። ዲዝኒ ወዲያውኑ መንገዱን ዘጋ። ሐዲዱን ሊጠግን ይችል ነበር፤ ገንዘብም ባለሙያም ነበረው። አለማድረጉ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ሊሊ ቤል ያን ያህል ተደክሞባት ለሦስት ዓመት ብቻ ሮጠች።

ቄስ ዊልበርት አውድሪ ደግሞ ገንዘብ አልነበራቸውም። በጦርነቱ ዘመን ልጃቸው ክሪስቶፈር በኩፍኝ ታሞ ሲተኛ ስለ ባቡሮች ተረት ይነግሩት ጀመር። ልጁ አንዲት ቃል ከትናንቱ ብትለወጥ ያርማቸው ስለ ነበር ታሪኮቹን በቁራጭ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ተገደዱ። መጫወቻ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ጊዜ ከመጥረጊያ እንጨትና ከቁርጥራጭ ጣውላ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ጠርበው ሰማያዊ ቀለም ቀቡለት። ቶማስ የተባለው ይህ ነው። ጽሑፉ እንዲታተም የጎተጎቱት ባለቤታቸው ማርጋሬት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1945፣ ቶማስ የሚገኝበት ደግሞ በ1946 ወጣ። ቄሱ በኋላ የታሪኮቻቸውን መንደር በሞዴል ሠርተው ወደ ኤግዚቢሽን ይወስዱ ነበር። የመጥረጊያ እንጨቱ ቶማስ በልኬት ቢመረመር ብዙ ስሕተት አይታጣበትም፤ በዚያ ቤት ግን ደንበኛው ልጁ ነበር፤ ደንበኛውም ረክቷል።

ከቅርብ ጊዜ ደግሞ ዘፋኙ ሮድ ስቱዋርት አለ። ከሃያ ዓመት በላይ የደከመበትን 38 ሜትር ያህል የሚረዝም የአሜሪካ ከተማ ሞዴል በ2019 ለሕዝብ ገልጧል፤ ለዘፈን በሚዞርባቸው ከተሞችም ለሞዴል ሥራው ተጨማሪ የሆቴል ክፍል ይያዝለት ነበር። መልካም ነው። ለደመወዝተኛ ግን ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ ትምህርት እምብዛም የለም።

ሠሪው ሲሞት የሚሆነውስ? በካሊፎርኒያ የኖረው ጆን አለን ጎር ኤንድ ዳፌቲድ የሚባለውን ሰፊ የባቡር ሞዴል ሲሠራ ኖሮ በጥር 1973 ሞተ፤ ከቀናት በኋላ በቤቱ በተነሣ እሳት ሞዴሉ ወደመ። የቀሩት በአብዛኛው ፎቶግራፎች ናቸው። የእንግሊዛዊው የጆን አኸርን ማደር ቫሊ ግን ፔንደን ወደሚባለው ቤተ መዘክር ገብቶ እስካሁን አለ። እሳትን የሚከለክል የለም። ነገር ግን በብዙ ቤት ሞዴልን የሚያጠፋው እሳት አይደለም፤ የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚገጥም፣ የትኛው እንደሚሸጥና የትኛው ለማን እንደሚሰጥ ከሟቹ በቀር የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ባልቴቲቱ ዕቃውን በሣጥን ሞልታ ታስወጣለች፤ በእርሷ የሚፈረድባት አይደለም። የሥራ ፕላን ሳይተው የሄደ መሐንዲስ በመሥሪያ ቤት ቢሆን ይወቀስ ነበር።

ይህ ሁሉ በአዲስ አበባ ሁለት ክፍል ባለው ቤት ምን ሊመስል ይችላል? ለአገሩ ሞዴል ሠሪ ከምድር ባቡር የተሻለ ርእስ አይገኝም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበረ በ1፡87 ስኬል 11.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ለዚህም በውጭ አገር ፋብሪካዎች የሚሠራው ባለ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይስማማዋል። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር መደበኛ ስፋት ስላለው በ16.5 ይቀመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ብቻ የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ ያሳያል። ይሁን እንጂ 784 ኪሎ ሜትር የሆነው አሮጌው መስመር በ87 ቢካፈል እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ኮምፔንሳቶ 104 ሜትር መሬት ይወክላል፤ በ1929 የተመረቀውን የለገሃር ጣቢያ ፊት፣ አንድ ሎኮሞቲቭና ጥቂት ፉርጎዎች ለማሳየት ይበቃል። 12 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ ከ14 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ ነው። ሲያልቅ ግድግዳ ላይ በመደርደሪያ ይቀመጣል፤ መሬቱ ለረከቦትና ለጀበና ነፃ ይሆናል።

ዕቃው በአብዛኛው በእጅ ያለ ነው። የጫማ ካርቶን ለግድግዳ፣ የቀርከሃ ስቴኪኒ ለአጥር፣ ሽቦ ለመብራት ምሰሶ፣ የተቀለመ ሰጋቱራ ለሣርና ለአፈር። ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ኮላ ከሰፈር ሱቅ አይጠፉም። በአንድ ክፍል መኝታም ሥራም ባለበት ቤት አኳራጅ ያለበት ቀለም ሕፃን በተኛበት መከፈት የለበትም፤ ይህ ክርክር የሚያስፈልገው አይደለም። ምላጩም የሚቆለፍበት ሣጥን ይኑረው። የቀረው ዕቃ ሁሉ በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ ቢሠራ፣ እራት ሲቀርብ ትሪው ይነሣል፤ ሥራው ሳይፈርስ፣ እናትየውም ሳትለምን።

ቤተሰቡ በተመልካችነት ብቻ መወሰን የለበትም። የጣቢያውን በርና መስኮት ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የአንዱን ድንጋይ ቁመት ለክቶ፣ ቀሪውን ቆጥሮ ማስላት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚችለውና ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይልቅ የሚወደው ሂሳብ ነው። ፉርጎው ውስጥ ምን ዓይነት ወንበር እንደነበረ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ምን ያህል ይጨናነቅ እንደነበረ፣ ከድሬዳዋ ሲመለሱ ብርቱካኑ በምን ተጭኖ እንደሚመጣ ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ አያት ያውቃሉ። በስኬሉ መሠረት ሰው ቁመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሐዲዱ ተነጥፎ ሕንፃው ከቆመ በኋላ በመድረኩ ላይ ማን እንደሚቆም፣ ማን እንደሚሸኝ፣ ማን ዘንቢል ይዞ ከፉርጎው እንደሚወርድ የሚወሰነው ትሪው ተነሥቶ፣ ሁሉም በእራት ላይ ሲቀመጥ ነው።