ስለ ሳምንታዊ ስብሰባና ስለ እንግዳ ተናጋሪ

(በተማሪዎች የበጎ አገልግሎት ክበብ ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንድናገር የተፈቀደልኝ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ስለ ሆነ በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባለሁ። በክበባችን ፊት አንድ አሳብ ቀርቧል፤ ይኸውም በየሳምንቱ የምናደርገው ስብሰባ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፥ እንግዳ ተናጋሪም በዓመቱ መጨረሻ ለምናደርገው በዓል ብቻ ይጠራ የሚል ነው። አሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን ሥራ የሚሸሹ አይደሉም፤ እንዲያውም ከመካከላችን ለሥራ የሚቀድሙ ናቸው። ምክንያታቸውም ሦስት ነው። አንደኛ፥ የጥናት ጊዜያችን ይሻማል። ሁለተኛ፥ በየሳምንቱ ተሰብስቦ መነጋገር ራሱ አገልግሎት አይደለም። ሦስተኛ፥ የምንጋብዛቸው እንግዶች ይናገራሉ፥ ይጨበጨብላቸዋል፥ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚታይ ፍሬ የለም።

እኔ ይህን ሦስተኛውን ምክንያት ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ከእርሱ ተነሥቼ የምደርስበት መደምደሚያ የተለየ ነው። የእንግዳው ንግግር ያለ ፍሬ የሚቀረው እንግዳ ስለ በዛ ወይም ስብሰባ ስለ ተደጋገመ አይደለም። እንግዳው አንድ ነገር እንዲጠይቀን ስለማናደርግ፥ እኛም በሚቀጥለው ሳምንት መልስ ለመስጠት ስለማንዘጋጅ ነው። ለዚህ ምስክር እንዲሆነኝ፥ እንዲህ ያለውን ስብሰባ ለዓለም ያስለመዱትን ክበቦች ታሪክ ባጭሩ ላቅርብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ከትንሽ የገጠር ከተማ ወጥቶ በቺካጎ ይሠራ ነበር። ከተማዪቱ ትልቅ ነበረች፤ ሰው ሁሉ በሥራው ተጠምዶ ስለሚውል ግን ወዳጅ ማግኘት ችግር ሆነበት። በ1905 በየካቲት ወር ከሦስት ሰዎች ጋራ ተሰበሰበ፤ አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፥ አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፥ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስብሰባውን በተራ፥ አንድ ጊዜ በአንዱ ቢሮ፥ ሌላ ጊዜ በሌላው ቢሮ ስለሚያደርጉት ማኅበሩን «ሮታሪ» አሉት፤ ትርጓሜው በተራ የሚዞር ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጽዋ ማኅበር ያላቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ጽዋውን በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ሲያዞሩ የኖሩት እንደዚሁ ነው። ባለ ተራው ይደግሳል፤ የሚቀጥለውም ባለ ተራ ጽዋውን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዕድር የቀረም ሰው ይቀጣል። እንግዲህ በተራ መሰብሰብንና በቀጠሮ መገኘትን ከውጭ አገር ክበብ ገና የምንማር አይደለንም።

አንድ ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል። የመጀመሪያዎቹ የሮታሪ አባሎች የተሰበሰቡት ድኻ ለመርዳት አልነበረም። ወዳጅነት ፈልገው ነበር፤ በንግድም እርስ በርሳቸው ይጠቃቀሙ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ሲሰበሰቡ ከቆዩ በኋላ በ1907 ከሌሎች ጋራ ተባብረው በቺካጎ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ጥረት አደረጉ። የክበቡ የመጀመሪያ የአገልግሎት ሥራ ይህ ነው ይባላል። ስለዚህ በየጊዜው መሰብሰብ ራሱ አገልግሎት አይደለም የሚለው የጓደኞቻችን ቃል ልክ ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹን ለአገልግሎት ያበቃቸው እርስ በርስ መተዋወቃቸው ነበር። የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ገንዘብ ያዋጡ ይሆናል፤ አብረው ጕድጓድ ለመቈፈር ግን ይቸገራሉ።

ይህን ነገር በራሳችን ግቢ እንመልከተው። ከየክፍለ አገሩ መጥተን በአንድ አዳራሽ እንበላለን፤ ሆኖም ብዙዎቻችን የምንቀመጠው ከአገራችን ልጅ ወይም ከክፍላችን ተማሪ ጋራ ብቻ ነው። የሕግ ተማሪውና የእርሻ ተማሪዋ፥ የደገኛውና የቈለኛው ልጅ ዐይን ለዐይን ተያይተው የሚነጋገሩበት ስፍራ ከዚህ ክበብ ሌላ ስንት አለን? ሮታሪም ቢሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከየሙያው ሰው እየመረጠ ያስገባ የነበረው፥ ሁሉም ጠበቃ ወይም ሁሉም ነጋዴ እንዳይሆን ነው።

አሁን ወደ ሳምንታዊው ስብሰባ ልመለስ። የሮታሪ ክበቦች በመገኘት ረገድ ለብዙ ዘመን ጥብቅ ነበሩ። ያለ በቂ ምክንያት አራት ስብሰባ በተከታታይ የቀረ አባል አባልነቱን ሊያጣ ይችል ነበር። መንገድ የሄደ ሰው በደረሰበት ከተማ ባለው ክበብ ተሰብስቦ የቀረበትን ያካክስ ነበር። ስብሰባው በምሳ ሰዓት ይሆናል፤ ደወል ይደወላል፤ እንግዳው ይተዋወቃል፥ በተወሰነለት ደቂቃ ይናገራል፥ ይጠየቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ተቃዋሚዎቼ በ2016 የሮታሪ የሕግ ጉባኤ ይህን ደንብ አላልቶ፥ ክበቦች ከፈለጉ በወር ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሰበሰቡ ፈቅዶ የለምን ይሉኛል። አዎን፥ ፈቅዷል። ነገር ግን እነዚያ አባሎች በአንድ ከተማ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ ግቢ የምንቈየው አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። የትምህርቱ ዘመን ዘጠኝ ወር ቢሆን፥ በወር አንድ ጊዜ ብንሰበሰብ ዘጠኝ ስብሰባ ይሆናል። የፈተናን ወራት ብንቀንስ ሰባት ይቀራል። አንዱን በሕመም፥ አንዱን በሌላ ምክንያት የቀረ አባል በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ይገኛል ማለት ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ በአምስት ስብሰባ የጓደኞቹን ስም እንኳ አያጠናም። ከዚህም ሌላ፥ በመጀመሪያው ወር የተጠየቅነውን ነገር የምንመልሰው በሁለተኛው ወር፥ ውጤቱንም የምንሰማው በሦስተኛው ወር ይሆናል፤ ሴሚስተሩም በዚያው ያልቃል።

ስለ እንግዳ ተናጋሪ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የላየንስ ክበቦች ታሪክ ነው። እነዚህ ክበቦች በ1917 በአሜሪካ ሲቋቋሙ በየከተማቸው ልዩ ልዩ በጎ ሥራ ይሠሩ ነበር እንጂ ሁሉን የሚያስተባብር አንድ ዋና ዓላማ አልነበራቸውም። በ1925 በሰኔ ወር በኦሃዮ ግዛት ሲዳር ፖይንት በሚባል ስፍራ ዓመታዊ ጉባኤ ሲያደርጉ ሔለን ኬለርን በእንግድነት ጠሩ። ሔለን ኬለር በዐሥራ ዘጠኝ ወር ዕድሜዋ በሕመም ምክንያት ማየትም መስማትም ያጣች፥ ነገር ግን በመምህርቷ በአን ሰሊቫን ትጋት ተምራ በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ የተመረቀች ሴት ናት።

ሔለን ኬለር በዚያ ጉባኤ ፊት ቆማ የሕይወት ታሪኳን ብቻ ተርካ ብትወርድ ኖሮ፥ ሰዎቹ ዕንባቸውን ጠርገው፥ አጨብጭበው፥ ወደ ቤታቸው በሄዱ ነበር። እርስዋ ግን ጠየቀቻቸው። የዓይነ ስውራንን ሥራ እንዲደግፉ፥ ከጨለማ ጋራ በሚደረገው ትግል የዓይነ ስውራን ተዋጊዎች እንዲሆኑ በግልጽ ጠየቀቻቸው። እነርሱም ጥያቄዋን ተቀበሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1930፥ በፒዮሪያ ከተማ የነበረው የላየንስ ክበብ ፕሬዚዳንት አንድ ዓይነ ስውር ሰው በጥቁር በትር መንገድ ለመሻገር ሲቸገር አየ፤ ሾፌሮች በትሩን አያዩትም ነበር። ስለዚህ በትሩ ነጭ ቀለም እንዲቀባና ቀይ ቀለበት እንዲደረግበት አሳብ አቀረበ፤ የከተማዪቱም ምክር ቤት ነጭ በትር ለያዘ ሰው መኪና ሁሉ ቅድሚያ እንዲሰጥ ደነገገ። በብዙ ዓለም ዛሬ የምናየው ነጭ በትር እንዲስፋፋ ታላቅ ድርሻ ያደረገው ይህ ነው።

የዚያች እንግዳ ቃል ወደ እኛም አገር ደርሷል። የላየንስ ክበቦች በ1999 ከካርተር ማእከል ጋራ ተባብረው የጀመሩት ሥራ በአማራ ክልል የዓይን ማዝን፥ ማለት ትራኮማን፥ ለመዋጋት ውሏል። በዚህ በሽታ ደጋግሞ የተያዘ ሰው የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና፥ ፊትን መታጠብና መጸዳጃ ቤት መቈፈር ያድኑታል። በ1925 በአንድ አዳራሽ የተነገረ ንግግር ከሰባ ዓመት በላይ ቈይቶ ለጎጃምና ለጎንደር ገበሬ ዓይን ብርሃን ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ነገር ግን ልብ በሉ! ንግግሩ ብቻውን ይህን አላደረገም። የሔለን ኬለር ንግግር ያለቀው በአንድ ቀን ነው፤ ሥራውን የተሸከሙት ከዚያ በኋላ በየከተማው ሳይታክቱ የተሰበሰቡት ክበቦች ናቸው። የሮታሪም ሥራ እንደዚሁ ነው። በ1985 ልምሻን፥ ማለት ፖሊዮን፥ ከዓለም ለማጥፋት ሲነሡ፥ በሽታው በዓመት በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። የአገራችን ጭምር የሚቈጠርበት የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ክልል በተፈጥሮ ከሚዛመተው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ የተረጋገጠው በ2020 ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በሙሉ ያንኑ ጉዳይ ሳይሰለቹ ማንሣት በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል በሚገናኝ ማኅበር የሚሆን አይደለም።

አንድ ጕድለታቸውንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ከእርሱም የምንማረው አለና። የሮታሪ ክበቦች ለሰማንያ ዓመት ያህል ሴቶችን በአባልነት አይቀበሉም ነበር። በካሊፎርኒያ የሚገኝ አንድ ክበብ ሴቶችን ስላስገባ ከማኅበሩ ተወግዶ ነበር፤ ነገሩ በፍርድ ቤት ሲታይ ቈይቶ በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሴቶቹ ፈረደ። ያን ያህል ዘመን በየሳምንቱ ሲሰበሰቡ የግማሹን ሕዝብ አሳብ ከአባልነት ወንበር ሳይሰሙ ኖረዋል። እኛስ ባለፈው ጊዜ የጠራናቸው እንግዶች እነማን ናቸው? ባለ ሥልጣን፥ ዶክተር፥ ሥራ አስኪያጅ። ሁሉም የተከበሩ ናቸው። ነገር ግን ከግቢያችን በር ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራውን ነርስ፥ የቀበሌውን የውሃ ቦኖ ጠባቂ፥ መንገድ የሚጠርጉትን እናት ጠርተን እናውቃለን? የሰፈሩን ችግር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የሚጠይቁንም ነገር በአቅማችን የሚሆን ነው።

ስለዚህ ስብሰባውን ከመቀነስ ይልቅ እንድናርመው የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስብሰባው በየሳምንቱ ይሁን፤ ነገር ግን ከአንድ ሰዓት ጊዜ አይለፍ። በሰዓቱ ይጀመር፥ በሰዓቱም ይዘጋ። ለጥናት የሚሰጋ ጓደኛችን በዚህ ይረካል። በፈተና ሳምንት ስብሰባ አይኑር።

2ኛ. እንግዳ በየሳምንቱ ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ ይጠራ። መካከለኛው ሳምንት መልስ የምንሰጥበት ይሁን።

3ኛ. ጸሓፊያችን ለእንግዳው አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ በደብዳቤውም የሚናገርበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ መሆኑና በመጨረሻ ከእኛ የሚፈልገውን አንድ ነገር እንዲጠይቀን የምንለምነው መሆኑ ይገለጽለት።

4ኛ. የተጠየቅነው ነገር በቃለ ጉባኤው መዝገብ ይጻፍ። ሁለት አባሎች እንግዳው ወደሚሠራበት ስፍራ ሄደው አይተው በሚቀጥለው ሳምንት ያስረዱን። የምንችለውን እንሥራ፤ ካልቻልን ደግሞ አልቻልንም ብለን በደብዳቤ እንመልስ። ዝም ከማለት ይህ የተሻለ ክብር ነው።

5ኛ. ከአራት እንግዶች ቢያንስ ሁለቱ በእንዲህ ያለ አዳራሽ ተናግረው የማያውቁ ሰዎች ይሁኑ፤ በአማርኛ መናገር ለሚቸግረውም ከመካከላችን አስተርጓሚ ይመደብለት።

በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን እንክፈተው። ስንት እንግዳ ጠራን፥ ምን ጠየቁን፥ ምን መለስን ብለን እንቍጠር። መልሱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፥ ያን ጊዜ ስብሰባው በወር አንድ ጊዜ ይሁን ከሚሉት ጓደኞቼ ጋራ እጄን አነሣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሳንሞክረው አንተወው።

ለእንግዳ ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ ከአንገት በላይም ሊሆን ይችላል። ነርሷ ወይም ውሃ ጠባቂው ከዚህ አዳራሽ ሲወጡ «ልጆቹ ሰሙኝ» ብለው ሳይሆን «ልጆቹ ነገ ይመጣሉ» ብለው እንዲሄዱ እፈልጋለሁ። ይህንም ማድረግ የምንችለው ነገና ከነገ ወዲያ የምንገናኝ ስንሆን ነው።

ሃያ ደቂቃዬ ስላለቀ በዚሁ አበቃለሁ።