ለብርድ አገር መኪና ኤሲ ለምን?
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሂሳብና ንብረት ክፍል የቀረበ ንግግር)



በዘንድሮው የሂሳብ መግለጫ «የተሽከርካሪ ጥገና» በሚለው መደብ ሥር ያለው ወጪ ከአምናው ይበልጣል። ብልጫው የመጣው ከሞላ ጎደል ከአንድ ሥራ ነው፤ የላንድ ክሩዘራችን ኤሲ ከአሮጌው ጋዝ ወደ ሌላ ጋዝ ተቀይሯል። ረቂቁ ሲነበብ ከዳባት የመጡ አንዲት እናታችን «ጋቢ ደርበን ለምንሳፈርበት መኪና ማቀዝቀዣ መግዛት ምን ይሉታል?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ያ ገንዘብ ለተዘዋዋሪ ብድሩ ቢውል ኖሮ ተራ የሚጠብቁ እህቶች ይደርሳቸው ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ የት እንደገባ ዕቃ በዕቃ ልናስረዳችሁ ቀርበናል።

መኪናው የሚሄድበትን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የምንናገረው ለማያውቁት ደጋፊዎቻችን ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ ተነሥተን ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ስንሄድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። ጠዋት ብርድ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ቆላ። ለቆላው ሙቀት መስኮት መክፈት ይበቃል፤ ለዚያ ብቻ ቢሆን ወጪውን አናጸድቀውም ነበር። የእኛ ችግር መስታወቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ ሊማሊሞ በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናብ የመታቸው ሰባት ስምንት ሰዎች ከነእርጥብ ጋቢያቸው ሲሳፈሩ፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጉም ይለብሳል። ሾፌሩ ገደሉን በስተጎኑ አድርጎ፣ በአንድ እጁ መሪ በአንድ እጁ ጨርቅ ይዞ ይወርዳል ማለት ነው። ከኋላ ያሉት እናቶች ጸሎት ላይ ናቸው።

ኤሲ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቅዝቃዜውን ነው። ነገር ግን አየርን ያደርቃል። አረቄ የምታወጡ ታውቁታላችሁ፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ወደ ጠብታ ይለወጣል። መኪናውም ውስጥ እንዲሁ ነው። የታፈነው አየር ኢቫፖሬተር በሚባለው ቀዝቃዛ ክፍል ሲያልፍ እርጥበቱን እዚያ ጥሎ ይወጣል፤ ውሃው በቀጭን ቱቦ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል። ከዚያ የደረቀው አየር በማሞቂያው በኩል አልፎ ሞቆ ወደ መስታወቱ ይነፍሳል። ስለዚህ ኤሲውና ማሞቂያው አንድ ላይ ሲከፈቱ ተሳፋሪው አይበርደውም፣ መስታወቱም በአጭር ጊዜ ይጠራል።

ታዲያ ጋዝ ብቻ ተሞልቶ ለምን አላለቀም? መኪናው የተሠራው አር 12 የሚባለው ጋዝ በሚሠራበት ዘመን ነው። ይህ ጋዝ ክሎሪን ስላለው የኦዞን ሽፋንን ይጎዳል። በመስከረም 1980 ዓ.ም. በሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመበት፤ ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆነች፤ ለታዳጊ አገሮች የመጨረሻው የማቆሚያ ጊዜ 2002 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጥ ጣሳ ቢገኝ እንኳ በመሣሪያ ሳይፈተሽ ውስጡ ያለውን ማመን አይቻልም። በምትኩ መኪኖች የያዙት አር 134ኤ የሚባለውን፣ ክሎሪን የሌለውን ጋዝ ነው።

ከእኛ በፊት መኪናውን ይዞት የነበረው ሰው አዲሱን ጋዝ በአሮጌው ላይ አስሞልቶት ነበር። ይህ ርካሹ መንገድ ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን ቆይቶ ነው። በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ ያለው የማዕድን ዘይት ከአር 134ኤ ጋር አይዋሃድም። ስለማይዋሃድ ጋዙ ሲዞር ዘይቱን ይዞ ወደ ኮምፕሬሰሩ አይመልሰውም፤ ኮምፕሬሰሩ ያለ ቅባት ይሠራና ይነክሳል። ያን ጊዜ የብረት ብናኙ በቱቦው ሁሉ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠገን ሳይሆን የሚለወጥ ነው። የእኛ ኮምፕሬሰር እዚያ ሳይደርስ በመያዙ ተርፏል።

ሥራው የተሠራው ጎንደር ነው። በመጀመሪያ የተደባለቀው ጋዝ በማሽን ተስቦ ወደ ሲሊንደር ገባ፤ ወደ አየር አልተለቀቀም። ዘይቱ ተቀድቶ ቱቦዎቹ ታጠቡ። የደረቁት ኦሪንጎች በሙሉ ለአዲሱ ጋዝ በሚሆኑ ተቀየሩ። ድራየሩ ተለወጠ፤ ይህ ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ያለበት ጣሳ ነው፣ አንድ ጊዜ አየር ካገኘው ተመልሶ አያገለግልም። አዲሱ ዘይት ኤስተር የሚባለው ነው፤ አዳዲስ መኪኖች የሚይዙት ፓግ የተባለው ዘይት ከአሮጌው ጋዝ የክሎሪን ቅሪት ጋር ስለማይስማማ። ትልቁን ገንዘብ የበላው ኮንደንሰሩ ነው። አር 134ኤ በሙቀት ጊዜ ግፊቱ ከአር 12 ይበልጣል፤ ጠጠር የመታው አሮጌ ኮንደንሰር አዲ አርቃይ ቀትር ላይ አይችለውም። ግፊት ሲበዛ ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያም ተጨምሯል።

አንድ ነገር ሰፋ አድርገን እንንገራችሁ፤ ደባርቅ ላሉ መካኒኮችም ይጠቅማል ብለን ነው። ጋዝ ከመሙላቱ በፊት አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል። ከሥርዓቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ጌጁ 29 ኢንች እስኪያሳይ ምጠጡ ይላል። ያ ለባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ ሁሉም ነገር ተመጦ ቢያልቅም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ጎንደር ላይ ወደ 23፣ ደባርቅ ላይ ወደ 21 ኢንች ቢደርስ ነው። 29ን የሚያሳድድ ሰው የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፤ ባለመኪናውም የማያስፈልግ ዕቃ ይገዛል። ትክክለኛው ፈተና መርፌው የደረሰበት ላይ ፓምፑን ዘግቶ መጠበቅ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ቀዳዳ የለም። በእኛ መኪና አልተንቀሳቀሰም።

ጋዙ የተሞላው በሚዛን ነው፤ «ሲቀዘቅዝ ይበቃል» ተብሎ በግምት አይደለም። ለውጥ ሲደረግ የሚገባው የአር 134ኤ ክብደት በአሮጌው መለያ ላይ ከተጻፈው ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው። መለያው 1 ኪሎ ግራም ቢል 850 ግራም ያህል ማለት ነው። ሲበዛ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ሂሳብ ለለመደ ሰው ይህ ደስ ይላል።

የወጥ ቤት ጋዝ ሙሉበት የሚል ምክርም ሰምተናል። ያቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሚቃጠል ጋዝ ነው፤ ከተሳፋሪው ፊት ያለው ኢቫፖሬተር ቢበሳ የሚገባው ወደ መኪናው ውስጥ ነው። አልተቀበልነውም።

ከደጋፊዎቻችን አንዱ አር 134ኤም አየር ንብረትን ይጎዳል ብለው ጽፈውልናል። ልክ ናቸው። ኦዞንን አይነካም እንጂ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1 ሺህ 430 እጥፍ ያህል ነው፤ አር 12 ደግሞ ከ10 ሺህ እጥፍ ያልፋል። በኪጋሊው ማሻሻያም ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል። ለዚህ ነው ቀዳዳ በመድፈን ላይ ብዙ ገንዘብ ያወጣነው። መኪናውን ራሱን ለውጡ ለሚሉን ደግሞ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን ይዞ መቆየት የብዙዎች ዕጣ ነው፤ ሊማሊሞን ጭኖ የሚወጣ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በእኛ አቅም የለም።

በመዝገብ በኩል፣ ሥራው መኪናው ቀድሞ የነበረውን አገልግሎት የመለሰ እንጂ አዲስ ንብረት የጨመረ ስላልሆነ በጥገና ወጪ ነው የያዝነው። ደረሰኞቹና የወጡት አሮጌ ዕቃዎች ቢሮ አሉ፤ የፈለገ አባል መጥቶ ማየት ይችላል።

ለሾፌራችን ሦስት ነገር በጽሑፍ ተሰጥቷል። በጉምና በዝናብ ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር ይክፈት። ከዛሪማ ሽቅብ ጭኖ ሲመለስ፣ አየሩ ጥርት ያለ ከሆነ ይዝጋው፤ በከፍታ ሞተሩ ጉልበት ስለሚያንሰው። በበጋም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ያስነሣው፤ ዘይቱ ካልዞረ የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ላይ ያለው ጎማ ይደርቅና ጋዙ በዚያ ይወጣል። የጋዙ ዓይነት፣ ክብደቱና የዘይቱ ስም የተጻፈበት መለያ ከኮፈኑ ሥር ተለጥፏል፤ መኪናው ወደ ሌላ ጋራዥ ሲገባ በመጀመሪያ ያንን ያሳያቸው።