የአእምሮ ሕመም፣ ሕክምናውና የቤተሰብ ድርሻ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ ነው። እኔም በትምህርቴ የሲቪል መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የዛሬው ርእሴ ከሙያችን ውጭ መስሎ ለሚታያችሁ አስቀድሜ ምክንያቴን ልናገር። በቤታችን የአእምሮ ሕመም ከገባ 11 ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ካወቅሁት አብዛኛውን ያወቅሁት ከተሳሳትሁ በኋላ ነው። ያንኑ ስሕተት ሌላ ባልደረባ እንዳይደግመው በማሰብ ዛሬ በፊታችሁ ለመቆም ደፍሬያለሁ።

ታናሽ ወንድሜ የታመመው በ21 ዓመቱ፣ የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ነው። በመጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎም ከቤተሰቡ ጋር በአንድ መሶብ መብላቱን ተወ። ከዚያም የመኝታ ክፍሉን መስኮት በጋዜጣ ሸፈነው፤ በራዲዮ የሚነገረው ዜና ስለ እርሱ እንደ ሆነም ለእናታችን በሹክሹክታ ነገራቸው። አባታችን በመምህርነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ስለሆኑ «ትምህርት በዝቶበት ነው፤ ይረፍ» አሉ። እናታችን «የሰው ዓይን ነው» አሉ። ጎረቤቶች «ልክፍት ነው» አሉ። እኔ በበኩሌ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ የመንገድ ሥራ ላይ ነበርሁና በስልክ «ስንፍና ነው፤ ጠንከር በሉበት» ብዬ መከርሁ። እንግዲህ ሁላችንም የየራሳችንን ምክንያት ሰጠን፤ ሕመሙን በስሙ የጠራው ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ሐኪም ዘንድ የደረሰው ከ14 ወራት በኋላ ነው።

ለመሆኑ የአእምሮ ሕመም ምንድን ነው? በአማርኛችን «እብደት» የሚለው ቃል ብዙ የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ጠቅልሎ ይይዛል። ሐኪሞች ግን ይለያዩታል። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሰው የሌለ ድምፅ እንዲሰማ፣ ያልተደረገውንም ነገር ተደርጓል ብሎ አጥብቆ እንዲያምን፣ ውሎ አድሮም ከሰው እንዲርቅ የሚያደርግ ሕመም ነው። ባይፖላር የሚባለው ደግሞ ሰውን አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ አስፈንድቆ እንቅልፍና ዕረፍት የሚያሳጣ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ጥልቅ ሐዘን የሚጥል ነው። ድብርት ከተራ ትካዜ የሚለየው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳያቋርጥ ሲቆይ፣ ቀድሞ ደስ ይለን የነበረውን ሁሉ ሲያስጠላ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ሲያዛባ ነው። በአገራችን ድብርት የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ «አዝኛለሁ» አይልም፤ «ራሴን ያመኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ይላል እንጂ። ከዚህም ሌላ ምክንያቱ የማይታወቅ ፍርሃትና ልብ ምት የሚያስከትል የጭንቀት ሕመም አለ።

እነዚህ ሕመሞች የጥቂት ሰዎች ዕጣ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በገመተው መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 970 ሚሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከ8 ሰው አንዱ፣ ከአእምሮ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ስኪዞፍሬንያ ብቻውን ከ300 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል። በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ወደ 200 እንሆናለን። ቁጥሩን እናንተው አስሉት።

የሕመሙን መንስኤ በሚመለከት ለእኛ ለመሐንዲሶች በቀላሉ የሚገባ አስተያየት አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆሴፍ ዙቢንና ቦኒ ስፕሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው የተለያየ የመሸከም አቅም አለው፤ የኑሮ ሸክም ከዚያ አቅም ሲያልፍ ሕመሙ ብቅ ይላል። አቅሙ በከፊል ከዘር፣ በከፊል ከማሕፀን ጀምሮ ከሚደርስ ጉዳት፣ በከፊልም ከአስተዳደግ ይመጣል። ሸክሙ ሐዘን፣ ድህነት፣ ስደት፣ ጦርነት፣ ወይም ጫትና መጠጥ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ጥያቄ «ሸክሙን እንዴት እናቅልል? አቅሙንስ በምን እንደግፍ?» የሚለው ነው።

ሕክምናው አቅሙን ከሚደግፉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ጆን ኬድ የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም ሊትየም የተባለው ጨው የፈንጠዝያ ሕመምን እንደሚያበርድ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ በፓሪስ ዣን ደሌና ፒየር ዴኒኬር ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተው ያገኙትን ውጤት ገለጹ። ከዚያ በፊት በብዙ አገር የከፋ ሕመም የያዘው ሰው ዕድሉ ዘመኑን ሁሉ በግንብ ውስጥ ተዘግቶ መኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አያሌ ሰዎች ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

በአገራችን አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ብዙ ሕይወት ያተረፈው የዚህ ቤት ስም በከተማችን መሳደቢያ መሆኑ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ሐኪሞች በአገር ውስጥ ይሠለጥናሉ። ይሁን እንጂ በቡታጅራ አካባቢ በተደረገው ሰፊ ጥናት፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። የወንድሜ 14 ወራት እንግዲህ እንደ ረጅም የሚቆጠሩ አይደሉም።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ወንድሜ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ በስድስት ሳምንት ድምፁ ጠፋለት። የመስኮቱን ጋዜጣ ራሱ አነሣው። በስምንተኛው ወር ትምህርቱን ለመቀጠል ተመዘገበ። እኔም ለዕረፍት መጥቼ ባየሁት ጊዜ «ይህ ልጅ ድኗል፤ ለዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?» አልሁ። በቤታችን ውስጥ ስለ ተማርሁ ቃሌ ይሰማ ነበር። ሐኪሙን ሳንጠይቅ መድኃኒቱን አስቆምነው። ድልድይ ሠርቼ እንደ ማስረክብ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር አንድ ሌሊት ከቤት ወጥቶ ጠፋ። ከአራት ቀን በኋላ በደብረ ብርሃን መንገድ በባዶ እግሩ ሲሄድ ተገኘ። በመጀመሪያ ጊዜ በስድስት ሳምንት ያሻለው መድኃኒት በሁለተኛው ጊዜ አምስት ወር ፈጀበት። የተመዘገበበት ዓመት አለፈው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲም ዳግመኛ አልተመለሰም። የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት እንደ ደም ግፊትና እንደ ስኳር መድኃኒት ሕመሙን ይዞ የሚያቆይ መሆኑን፣ መቀነስም ሆነ ማቆም የሚገባው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ዋጋ ነው።

ይህን ንግግር አስቀድሜ ለወንድሜ አነበብሁለትና ፈቃዱን ጠየቅሁት። «መድኃኒቱን ያስቆምኸው አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም እንዲቆም እፈልግ ነበር። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን የጠየቀኝ የለም» አለኝ። እነዚህ መድኃኒቶች አካልን ሊያደርቁ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጡ፣ እንቅልፍና ውፍረት ሊያመጡ ይችላሉ። ሐኪሙ ቢነገረው መጠኑን ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል። ከወንድሜ 10 ዓመት በኋላ የሰማሁትን ይህን ነገር ያን ጊዜ ብጠይቀው ኖሮ ምናልባት ሌላ ታሪክ እናገራችሁ ነበር።

ቤተሰብ በሕመሙ ላይ ያለው ኃይል በጥናትም የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ብራውንና የሥራ ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምረው ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማንን ሲከታተሉ፣ ነቀፋና ቁጣ ወይም ከልክ ያለፈ ጥበቃ ወዳለበት ቤት የተመለሱት ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው ተገነዘቡ። ይህ ግን ሕመሙን ቤተሰብ ያመጣዋል ማለት አይደለም። ቤተሰብ ስለ ሕመሙ በሚገባ ሲማር ማገርሸቱ እንደሚቀንስም ከዚያ በኋላ በተደረጉ ብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። እኛም ቤት «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ካስቀረን ወዲህ ማዕዱ ሰላም አግኝቷል።

እናታችን ልጃቸውን ጠበል ይዘውት ይሄዱ ነበር። መድኃኒት በጀመረ ጊዜ አንዱን መተው ያለባቸው መስሏቸው ተጨነቁ። በጠበሉ ቦታ የሚያገለግሉ አንድ አባት ግን «መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ ሁለቱንም ያድርግ» አሏቸው። እነዚያ አባት ከእኔ ይልቅ ለሕክምናው ረድተዋል። የሚያሳዝነው ሕሙማን በሰንሰለት ሲታሰሩና ምግብና መድኃኒት ሲከለከሉ ነው፤ ይህን ሃይማኖት አያዝዝም።

በቤታችን የደረሰ ሌላም ነገር አለ። ወንድማችን በታመመ በሁለተኛው ዓመት እህታችን ታጭታ ነበር። ዘር ይቆጠራል ብለን ፈርተን፣ ሽማግሎቹ በመጡ ቁጥር ወንድማችንን ወደ አክስታችን ቤት እንልከው ነበር። ነገሩ ታወቀና እጮኝነቱ ፈረሰ። እጮኛዋ «የተቀየምሁት በሕመሙ አይደለም፤ በመደበቃችሁ ነው» አለ። በስኪዞፍሬንያ የታመመ ሰው ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድል ከ10 አንድ ያህል እንደሚገመት፣ ማለትም ዘጠኙ ጤነኞች ሆነው እንደሚኖሩ ያን ጊዜ አናውቅም ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ግን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ከሙያችን ብዙዎቹ ከቤተሰብ ርቀው፣ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት፣ ወራት ሙሉ በሥራ ቦታ ይኖራሉ። ማታ ማታ ጫትና አረቄ ጓደኛ ይሆናሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ዓይነት ቦታ ታሞ መናገር አቆመ። እግሩ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ በመኪና ወደ ሆስፒታል ይወሰድ ነበር፤ እርሱ ግን የስንብት ደብዳቤ ተሰጠው። ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አባላት ከአሠሪዎቻቸው ጋር በሚዋዋሉበት ጊዜ የአእምሮ ሕመም እንደ ማናቸውም ሕመም የሕክምና ፈቃድ እንዲያሰጥ ማኅበሩ ይከራከር።

ሁለተኛ፣ ከመረዳጃ ገንዘባችን ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የአእምሮ ሕክምና የሚውል ድርሻ ይመደብ፤ አስታማሚውም ይታሰብ። እናታችን በ11 ዓመት ውስጥ ከቤት ውጭ ያደሩበት ሌሊት በጣት የሚቆጠር ነው።

ሦስተኛ፣ በሥራ ቦታ ኃላፊ የሆንን ሁሉ ዝም ያለውን ሰው እንጠይቅ። ራሱን ለማጥፋት ያስብ እንደ ሆነ በግልጽ መጠየቅ አሳቡን አይዘራበትም፤ ብዙ ጊዜ ግን ሸክሙን ያቀልለታል። ጠይቀን ስናበቃም ብቻውን አንተወው፤ ወደ ሐኪም እናድርሰው።

ወንድሜ ዛሬ 32 ዓመቱ ነው። በወር አንድ ጊዜ መርፌውን ይወጋል፤ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በቀን አምስት ሰዓት ይሠራል። አንዳንድ ቀን ድምፁ ይመለስበታል፤ በዚያን ቀን ራሱ ይነግረናል፤ እኛም እንሰማዋለን። አልዳነም፤ ነገር ግን ይኖራል፤ ከእኛም ጋር በአንድ መሶብ ይበላል።