ወደ አልዳብራ የሚሄድ ጥራጊ



በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል፣ በሲሸልስ ግዛት፣ አልዳብራ የምትባል ደሴት አለች። ከተማ የላትም። ከጥቂት የጥበቃና የምርምር ሠራተኞች በቀር ሰው አይኖርባትም፤ ምድሪቱን የሞሉት ቁጥራቸው ከመቶ ሺህ የሚያልፍ ታላላቅ ኤሊዎች ናቸው። ዩኔስኮም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። እንዲህ ባለች ስፍራ የከተማ ጥራጊ ይገኛል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው?

ይሁን እንጂ በ2019 ዓ.ም. ከሲሸልስና ከእንግሊዝ አገር፣ ከኦክስፎርድ፣ የተውጣጡ ዐሥራ ሁለት ሰዎች አምስት ሳምንት ሲለቅሙ ሰንብተው 25 ቶን አነሡ። በተከታዩ ዓመት የታተመው ጥናት እንደገመተው በደሴቲቱ የቀረው ገና 513 ቶን ያህል ነበር። ከክብደቱም ከመቶው 83 እጅ የዓሣ ማስገሪያ ዕቃ ሲሆን፣ ነጠላ ጫማው ብቻ 360,000 ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ግራው ከቀኙ ጋር አብሮ ስለ መድረሱ ግን እንጃ!

ታዲያ ይህ ሁሉ በምን መጣ? ከምድር ወገብ በስተደቡብ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣ ነፋስ ዘወትር ስለሚነፍስ፣ የውቅያኖሱን የላይኛውን ውሃ እየገፋ ወደ ምዕራብ እንዲፈስ ያደርገዋል። ይህም ዳርቻ የሌለው ታላቅ ወንዝ ማለት ነው። አሁን በጃቫ ደሴት አንድ ሰው ውሃውን ጠጥቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ወደ ወንዝ የወረወረውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በሐሳባችሁ ተከተሉልኝ። ወንዙ ለባሕር ያስረክበዋል፤ ባሕሩም ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተሸክሞት ወደ አፍሪቃ ወገን ያመጣዋል። ጉዞው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ ፕላስቲኩ ግን በዚህ ሁሉ አይበሰብስም። ጠርሙሱ ከውሃው በላይ ብቅ ስለሚል ነፋስም ይነዳዋል። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚንሳፈፍ መረብ ግን ለውሃው ብቻ ይታዘዛል። ስለዚህ በአንድ ቀን ከአንድ ስፍራ የተጣሉ ሁለት ዕቃዎች መንገዳቸው ይለያያል። በሶማሌ ጠረፍ ደግሞ ጅረቱ በእኛ ክረምት ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በእኛ በጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ እየተገለበጠ ስለሚፈስ፣ የጥራጊው መድረሻ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል።

መርከቦች ፕላስቲክ ወደ ባሕር እንዳይጥሉ የሚከለክል ዓለም አቀፍ ደንብ ከ1988 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ይሠራበታል። ዳሩ ግን መረቡ የባለቤቱን ስም ይዞ አይሄድም።

እዚህ ላይ በመዝገብ ቤት ለሚሠራ ሰው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ለ25ቱ ቶን ከ224,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ወጥቷል፤ ለቀረው 4.68 ሚሊዮን ዶላርና 18,000 የሥራ ሰዓት እንደሚያስፈልግ ተሰልቷል። ወጪው የሚያርፈው ሕዝቧ ከአንድ አነስተኛ ከተማ ሕዝብ በማይበልጥ አገር ላይ ነው። ለጃቫው ሰው ወይም ለመረቡ ባለቤት ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም። የባሕር ኤሊዎቹም እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ዳርቻው ሲወጡ፣ በገመድና በመረብ መካከል እየተሽሎከለኩ አሸዋ ይፈልጋሉ።