ሽንኩርትን በዕቃ አፍልቶ ማዛወር
(በእጃጂ ለማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)



የቀይ ሽንኩርት ዘር ውድ ነው፤ ሲቆይም የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ለሰፊ ማሳ የችግኝ መደብ ያስፈልጋል፤ ለጓሮ ግን ሥሩ የተበሳ ጀሪካን ይበቃል። ችግኙ ከ45 እስከ 55 ቀን ሲሞላው፣ ቁመቱም ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይዛወራል።

ነጭ ሽንኩርት ግን ፍልቃቂው በቀጥታ ማሳ ላይ ይተከላል።

ለዕቃው የሚሆን አፈር ሽንኩርት ከበሰበሰበት ማሳ ፈጽሞ አይወሰድ። ሁለቱንም ሽንኩርት የሚያጠቃው ነጭ ሻጋታ አንዴ አፈር ከገባ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንዳችን የታመመ ዘር ብናካፍል የጎረቤታችንንም ማሳ እናጠፋለን። ስለዚህ ዘር ከመለዋወጣችን በፊት አብረን እንምረጥ፤ የተበላሸውንም እናቃጥል።