ልጆቹ የወደቁት 12ኛ ክፍል አይደለም!

(አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)

«ልጆቹን የሚያበረታታ ነገር ተናገርልን» ነው የተባልኩት። ላበረታታ ነው የመጣሁት፤ ግን በባዶው አይደለም። «በርቱ፣ ትችላላችሁ» ብሎ ጭብጨባ ተቀብሎ መውረድማ ማንን ያቅተዋል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ደግሞ ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ። በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ያላፊው ቁጥር 8.4 በመቶ ደረሰ። ተሻሻለ ተባለ፤ እሰየው! ግን ከመቶ ከ90 በላይ ልጅ ወድቆ ደስታችን ምኑ ላይ ነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከመቶ ልጅ ሦስት ቢወድቅ «ሰንፈው ነው» እንላለን። ከመቶ ልጅ ሦስት ብቻ ሲያልፍስ? ትምህርት ቤቱ በሙሉ፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ የመምህሩ ልጅም የገበሬው ልጅም አብረው ሲወድቁ ጥፋቱ የማን ነው?

እኔ እንደምረዳው ልጆቹ የወደቁት 12ኛ ክፍል አይደለም። ክፍልፋይ ሳይገባቸው ከ5ኛ ወደ 6ኛ ስናሳልፋቸው ወድቀዋል። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሲሆንባቸው ወድቀዋል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ፕላዝማ የሚባል ቴሌቪዥን ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ፣ የማይሰሙት እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ሲፈስስ፣ እኔም ጠመኔዬን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜ ሳይ ወድቀዋል። ልጅ ጥያቄ ቢኖረው ቴሌቪዥኑ አይጠብቀው! 12ኛ ክፍል የቆየው ውድቀት በአደባባይ የተነገረበት ቀን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ልናገር። ለዚህ ነው በእውነቱ የመጣሁት።

በ2001 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና እንድፈትን ወደ ሌላ ወረዳ ተልኬ ነበር። ያኔ ወደ መሰናዶ መግቢያው በር እሱ ነው። ጠዋት ወደ ክፍል ከመግባታችን በፊት ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ «ልጆቹን አታስጨንቋቸው፣ የወረዳው ውጤት ዝቅ እንዳይል» አለን። ገባን። የሒሳቡ ፈተና በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሀል ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ወረቀት ክፍሉን መዞር ጀመረ። ልጅቱ በሁለት እጇ ልትከልል ሞከረች። ከኋላ ጎተቷት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ፈተናው አልቆ ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። «ቲቸር፣ ታዲያ እኔ ለምን አጠናሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰዓቴን አይቼ «ነይ፣ መኪና እንዳያመልጥሽ» አልኳት። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህንን ያደረግሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ ዝም እል ነበር። ግን ስንቶቻችን መስኮት መስኮቱን ስናይ ኖርን? በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ ብሔራዊ ፈተናው እስከ መሰረዝ ደረሰ። በ2015 መግቢያ ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጠርተው፣ ከሞባይልና ከኮራጅ ተለይተው ሲፈተኑ መስኮቱ ተዘጋ። 3.3 በመቶ ያኔ ነው የመጣው። ቁጥሩ የልጆቹን ስንፍና ሳይሆን የእኛን የብዙ ዓመት ውሸት ነው የለካው ባይ ነኝ።

ውድ ተማሪዎች፣ «ታዲያ የእኛ ዕዳ ካልሆነ ምን እናድርግ?» ትሉ ይሆናል። ዕዳው የእኛ ነው፤ ከፋዮቹ ግን እናንተ ሆናችኋል። ስለዚህ ስሙኝ።

አንደኛ፣ የ12ኛን መጽሐፍ ከመግለጣችሁ በፊት የ9ኛንና የ10ኛን አውጡ። ፈተናው ከታች ጀምሮ ይጠይቃል፤ መሠረት የሌለው ቤት ጣራ አይሸከምም። ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ ሒሳቡን እያወቃችሁ የምትወድቁት ጥያቄው ስለማይገባችሁ ነው። በቀን አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ የማታውቁትን ቃል በደብተር ጻፉ። ሦስተኛ፣ ያለፉ ዓመታትን ፈተና ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። መልሱን መሸምደድ ዋጋ የለውም፤ ለምን እንደተሳሳታችሁ እወቁ። አራተኛ፣ በቴሌግራም «የዘንድሮው ፈተና እጃችን ላይ አለ፣ ብር ላኩ» ለሚላችሁ ሌባ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡ!

ወላጆች፣ እናንተንም አልምርም። ሴት ልጃችሁ እንጀራ ጋግራ፣ ውሃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት መጽሐፍ ስትገልጥ፣ ወንድሟ ግን ከማታ ጀምሮ ሲያጠና፣ ሁለቱ እኩል ተፈተኑ ይባላል? ልጃችሁን «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ አትበሉ። ደብተሩን አምጣ በሉት። ማንበብ ባትችሉ እንኳ መጻፉን አለመጻፉን ታያላችሁ።

የትምህርት ሹማምንትንም እጠይቃለሁ። አንድም ተማሪ ላላሳለፈ ትምህርት ቤት ምን አደረጋችሁለት? መምህር ላካችሁ? ቤተ ሙከራ ሠራችሁ? ወይስ ቁጥሩን አንብባችሁ ወረዳችሁ? የወር ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር በምን ልቡ ነው ከሰዓት በኋላ ቆይቶ ደካማውን ልጅ የሚረዳው? ፈተናውን ማጥበቅ ጥሩ ነው፤ እደግፋለሁ። ግን ሚዛን ማስተካከል እህል አያበዛም። እህሉ የሚበዛው ማሳው ላይ ነው፤ ማሳው ደግሞ 1ኛ ክፍል ነው።

ልጆቼ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ብትሰማኝ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ያኔ ያልመለስኩላትን ለእናንተ ልመልስ። የምታጠኑት ወረቀታችሁን ማንም ጎትቶ ቢወስደው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለውን ሊወስድባችሁ ስለማይችል ነው። ከእንግዲህ ደግሞ ፈታኙ ፊቱን ወደ መስኮት እንዳያዞር፣ መምህር የሆናችሁ ሁሉ አደራ!